ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ቆሞ፦ የአንድ የፋክቶሪዮ ባቡር መስመር ጉዳይ ጥናት ከአዳማ

ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴ ከላፕቶፗ ቀና ብላ «መዳብ አልቋል» አለችኝ። አላለቀም ነበር። ካርታውን ስከፍተው 8,000 ማዕድን የጫነ የመዳብ ባቡር ከማቅለጫው አፍንጫ ሥር ቆሟል፤ ሌላው ከኋላው ተራ ይጠብቃል። አራቱ የብረት ባቡሮችም ቆመዋል። ስድስቱም ነዳጅ አላቸው፣ መድረሻቸው ይታወቃል፣ ሐዲዱም የትም አልተቆረጠም። ግን አንዱም አይንቀሳቀስም።

ለማያውቀው ሰው፣ ፋክቶሪዮ የፋብሪካ ግንባታ ጨዋታ ነው። ባዕድ ፕላኔት ላይ ማዕድን ይወጣል፣ ይቀልጣል፣ ከቀለጠው ዕቃ ይሠራል፤ ያ ዕቃ ደግሞ ሌላ ዕቃ የሚሠራ ማሽን ይሆናል። ያዘጋጀው ፕራግ የሚገኘው ዉቤ ሶፍትዌር ነው። ሙሉ እትሙ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወጣ፤ እኛ የምንጫወተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የወጣውን 2.0 ነው፣ ለብቻው የሚሸጠውን ተጨማሪ ክፍል ሳንገዛ። ቤታችን አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው። የእኔ ዴስክቶፕ ጨዋታውን ይይዛል፣ እህቴ በቤቱ ዋይፋይ ትገባለች፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። እኔ ማቅለጫውንና ማምረቻውን እሠራለሁ። ባቡሩ የእሷ ነው።

የመስመሩ አቀማመጥ እንዲህ ነበር። ፋብሪካው በምዕራብ፣ የብረት ማዕድኑ በሰሜን፣ መዳቡ በምሥራቅ። ሦስቱ መስመሮች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሐዲዱ ድርብ ነው፤ በአንዱ ይኬዳል፣ በሌላው ይመለሳል፣ ቀኝ ይዞ። እያንዳንዱ ባቡር አንድ ሎኮሞቲቭና አራት ፉርጎ አለው። አንዱ ፉርጎ 2,000 ማዕድን ይይዛል። የጨዋታው መሬት በእኩል ካሬዎች የተከፋፈለ ነው፣ ርዝመትም በእነሱ ይቆጠራል፤ አንድ ሎኮሞቲቭ ወይም አንድ ፉርጎ 6 ካሬ ይረዝማል፣ በመካከላቸው 1 ካሬ ክፍተት አለ፤ ስለዚህ የእኛ ባቡር 34 ካሬ ነው። ይህን 34 ቁጥር አስታውሱልኝ። ያኔ እኛ አላስታወስነውም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ግማሹ ከዚያ የመነጨ ነው።

ስለ ሲግናል ደግሞ ትንሽ። ሐዲዱ በሲግናሎች ወደ ብሎኮች ይከፈላል። ተራው ሲግናል የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከፊቴ ያለው ብሎክ ባዶ ነው ወይ? ባዶ ከሆነ አረንጓዴ፣ አንድ ባቡር እየቀረበ ቦታውን ይዞት ከሆነ ቢጫ፣ ባቡር ካለበት ቀይ። ሲግናሉ የሚቆመው ባቡሩ በሚሄድበት አቅጣጫ በስተቀኝ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተተከለ ሐዲዱ የአንድ አቅጣጫ ይሆናል። ሲግናል የሌለው ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ማስገባት ግጭት መጥራት ነው፤ በራሱ የሚሄድ ባቡር የሚቆመው ሲግናል ሲያስቆመው እንጂ ሌላውን ባቡር አይቶ አይደለም። ይህን በሁለተኛው ባቡራችን በመጀመሪያው ቀን አይተነዋል፣ ሁለቱንም አጥተናል።

ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ። በማራገፊያው ሁለት የብረትና አንድ የመዳብ መድረክ አለ። ሁለቱ የብረት መድረኮች ተይዘዋል፤ አንደኛው ላይ ያለው ባቡር አራግፎ ጨርሶ ወደ ሰሜን ሊመለስ ነው። ከመድረኮቹ በፊት ባለው መግቢያ ሐዲድ ላይ ሌላ የብረት ባቡር ቆሞ መድረክ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ከእሱ ኋላ የመዳቡ ባቡር አለ። የመዳቡ መድረክ ባዶ ነው! ግን ከፊቱ ብረቱ ስለቆመ አይደርስበትም። የመዳቡ ባቡር ራሱ የቆመበት ብሎክ 20 ካሬ ብቻ ነው፤ የቀረው 14 ካሬ፣ ማለትም የመጨረሻዎቹ ሁለት ፉርጎዎች፣ መገናኛው ላይ ተዘርግቷል። ባዶው የብረት ባቡር ወደ ሰሜን ለመታጠፍ ማቋረጥ ያለበት ደግሞ ያንኑ ቦታ ነው።

መዳቡ ከፊቱ ያለውን ብረት ይጠብቃል። ያ ብረት መድረክ ላይ ያለውን ይጠብቃል። መድረክ ላይ ያለው መዳቡን ይጠብቃል። ሲግናሎቹ በሙሉ የተጠየቁትን በትክክል መልሰዋል፤ አንዱም አልተበላሸም።

እህቴ በችኮላ የጠባቂውን ብረት ሎኮሞቲቭ ተሳፍራ በእጇ ወደ ባዶው የመዳብ መድረክ ነዳችው። ቋጠሮው ወዲያው ተፈታ፤ መዳቡ ወደ ፊት ሄደ፣ መገናኛው ተለቀቀ፣ ባዶው ብረት ወደ ሰሜን ወጣ። ነገር ግን መውጫው እስኪለቀቅ መድረኩ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል መቆም ነበረባት። ኢንሰርተሮቹ፣ ማለትም ዕቃ አንስተው የሚያስቀምጡት የማሽን ክንዶች፣ የቆመ ፉርጎ ካገኙ ማን ነዳው ብለው አይጠይቁም፤ የብረት ማዕድኑን መዳቡን ወደ ማቅለጫው በሚወስደው ተንቀሳቃሽ ቤልት ላይ አፈሰሱት። ረቡዕ ማታን በሙሉ ቤልት ስንለቅም አሳለፍን። ባቡር ሲቆላለፍ በእጅ መንዳት ይቻላል፣ አንዳንዴም ሌላ መንገድ የለም፤ ግን ሰው ከመሳፈሩ በፊት የሚያልፍበት መድረክ ምን እንደሚያራግፍ ይመልከት።

ሐሙስ ዕለት የወሰድነው እርምጃ ብዙ ሰው የሚወስደው ነው፣ ስህተትም ነበር። መገናኛው አንድ ትልቅ ብሎክ ስለሆነ ነው የተዘጋው ብለን አሰብንና በውስጡ ተራ ሲግናሎችን ጨመርን፣ በትንንሹ ከፋፈልነው። ለጥቂት ሰዓት ፍሰቱ ጨመረ፣ ደስ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁለት ባቡሮች መገናኛው መሃል ተፋጠው ቆሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ተራ ሲግናል ባለበት ሁሉ ባቡር ሊቆም ይችላል። እኛ መገናኛው ውስጥ ሲግናል ስንተክል መገናኛው ውስጥ የመቆሚያ ቦታ መትከላችን ነበር። ቀድሞ ጅራታቸው ብቻ ነበር የሚቀረው፤ አሁን ሙሉ ባቡር መሃል ላይ መቆም ቻለ።

ያን ቀን ማታ መብራት ሄደ። ዴስክቶፑ ጠፋ፤ እኛም ሳሎን ወለል ላይ ተቀመጥን። እህቴ የለስላሳ ቆርኪዎች አምጥታ በሴራሚኩ መስመሮች ላይ ደረደረቻቸው፣ የስልኬን መብራት ከጎን አድርገን። አንድ ቆርኪ አንድ ፉርጎ፣ አምስት ቆርኪ አንድ ባቡር። «ይሄኛው ማንን ይጠብቃል?» ትላለች፤ እጠቁማለሁ። «እሱስ?» ደግሞ እጠቁማለሁ። ጣቴ ዞሮ ከተነሳበት ቆርኪ ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም ዝም አልን። ስክሪኑ ላይ ሳለን ሁልጊዜ የምናየው ቀዩን መብራት ነበር፤ ወለሉ ላይ መብራት ስለሌለ የሚታየው ማን ማንን እንደሚጠብቅ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ መስመር ሲቆም የምናደርገው ይህንኑ ነው፦ አንድ ባቡር እንመርጣለን፣ የሚጠብቀውን እንከተላለን፣ ክቡ እስኪዘጋ። ክቡ ከተገኘ የሚቀረው አንዱን ቀለበት መቁረጥ ነው።

እዚያ ወለል ላይ ነው ቼይን ሲግናል ምን እንደሆነ በእውነት የገባኝ። ተራው ሲግናል «ከፊቴ ባዶ ነው ወይ?» ይላል። ቼይን ሲግናል «ከገባሁ መውጣት እችላለሁ ወይ?» ይላል። የራሱን ብሎክ ብቻ ሳይሆን በባቡሩ መንገድ ላይ ያለውን ቀጣይ ሲግናል ሁኔታ ያያል፤ ቀጣዩ ቀይ ከሆነ እሱም ቀይ ነው። ቀጣዩም ቼይን ከሆነ ጥያቄው ወደ ፊት ይተላለፋል፣ ተራ ሲግናል እስኪገኝ ድረስ። ከፊቱ ብዙ መውጫ ኖሮ አንዳንዱ ክፍት ሌላው ዝግ ሲሆን ሰማያዊ ይበራል፤ ባቡሩ የሚሄደው ወደ ክፍቱ ከሆነ ያልፋል። አዳማ ውስጥ በምሳ ሰዓት መስቀለኛ ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገዱን የሚዘጋው ከማዶ ቦታ ሳይኖር «ክፍት ነው» ብሎ መሃል የገባው ባጃጅ ነው።

እሑድ መብራት ሲመጣ መገናኛው ውስጥ የተከልናቸውን ተራ ሲግናሎች ነቅለን፣ በመግቢያዎቹና በውስጡ ቼይን፣ በመውጫዎቹ ተራ ሲግናል አደረግን። ባቡር ተጫዋቾች ሁሉ በቃላቸው የሚይዙት ደንብ ነው፦ ሲገባ ቼይን፣ ሲወጣ ተራ። ሁለት ሰዓት ያህል በሚገባ ሠራ። ከዚያ ያው የማክሰኞው ምስል ተደገመ፤ የመዳብ ባቡር፣ ጅራቱ መገናኛው ላይ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ደንቡን አክብረን ነው የወደቅነው። የመግቢያው ቼይን ወደ ምዕራብ መውጫ ያለውን ተራ ሲግናል ጠየቀ። እሱ አረንጓዴ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ብሎክ በእርግጥ ባዶ ነው። ባቡሩ ገባ። ግን ያ ብሎክ 20 ካሬ ነው፣ ባቡሩ 34። ሲግናል ባዶነትን እንጂ ርዝመትን አይለካም። ብሎኩ ባቡሩን ይችለው አይችለው የሚያሰላው ሠሪው ነው። ስለዚህ ደንቡ መሙላት ያለበት እንዲህ ነው፦ ሲገባ ቼይን፣ ሲወጣ ተራ፤ ከመውጫው ተራ ሲግናል በኋላ ያለው ብሎክ ደግሞ በመስመሩ ላይ ካለው ረጅሙ ባቡር ማነስ የለበትም። ይህን ሦስተኛ ክፍል ያልያዘ ሰው የቀረው ሁለቱ ብዙም አያድኑትም።

መፍትሔው አንድ ሲግናል መለወጥ ሆነ። የምዕራቡን መውጫ ተራ ሲግናል ወደ ቼይን ቀየርነው። አሁን ጥያቄው 20 ካሬውን አልፎ ወደሚቀጥለው ብሎክ ይደርሳል፤ እሱ 36 ካሬ ነው፣ ባቡሩን ይችላል። እዚያ ብረት ቆሞ ከሆነ መዳቡ በምሥራቅ በኩል ከመገናኛው ውጭ ይቆያል፣ መገናኛው ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ባዶው ብረት ወደ ሰሜን ያልፋል። ከዚያ እሑድ ጀምሮ መገናኛው ላይ አንድም መቆላለፍ አላየንም።

መቆላለፉ ቀረ ማለት ግን መስመሩ ፈጠነ ማለት አልነበረም። መዳቡ አሁንም ባዶ መድረክ እያለው ከብረቱ ኋላ ይጠብቃል። ሁለቱን ችግሮች መለየት ይጠቅማል፤ አንዱ መስመሩ እንዳይሞት ነው፣ ሌላው እንዳያዘግም። ለሁለተኛው ችግር ቦታ ያስፈልግ ነበር፣ ስለዚህ መድረኮቹን 80 ካሬ ወደ ምዕራብ አፈገፈግናቸውና ከፊታቸው ሦስት ጎን ለጎን የሆኑ መጠበቂያ ሐዲዶችን ዘረጋን፣ እያንዳንዳቸው 36 ካሬ። መጠበቂያዎቹ ከሚከፈሉበት በፊት ቼይን፣ በየመጠበቂያው መግቢያ ተራ፣ በየመውጫቸው ደግሞ እንደገና ቼይን። መዳቡ አሁን ብረቱን በጎን አልፎት ወደ መድረኩ ይገባል።

ሦስቱንም መጠበቂያ ብረት እንዳይሞላቸው ደግሞ የባቡር ገደብ አስቀመጥን። እያንዳንዱ ጣቢያ ወደ እሱ መጥተው የቆሙና በመንገድ ላይ ያሉ ባቡሮች በድምሩ ስንት እንዲሆኑ በቁጥር መወሰን ይችላል። ለሁለቱ የብረት መድረኮች ሁለት ሁለት፣ ለመዳቡ ሁለት ሰጠን። ድምሩ 6 ነው፤ ሦስት መድረክ ላይ፣ ሦስት መጠበቂያ ላይ። ሌላው ባቡር ከማዕድን ማውጫው አይነሳም። እኔ ከሲግናሎቹ ሁሉ በላይ የወደድኩት ይህንን ነው፤ ያው የቼይን ሲግናል ጥያቄ ነው፣ ግን የሚጠየቀው መገናኛው ደጃፍ ላይ ሳይሆን ባቡሩ ገና ከመነሻው ሳይንቀሳቀስ ነው።

ባቡር ጨመርን። ብረት 7፣ መዳብ 3 ደረሰ። ሳምንት ሙሉ ያለ ችግር ሄደ። ከዚያ እህቴ ስምንተኛውን የብረት ባቡር አስገባች፣ እራት በላን፣ ስንመለስ የብረት መስመሩ ቆሟል።

የሚያስገርመው፣ መገናኛው ላይ ቀይ ሲግናል የለም። ሰሜኑ አረንጓዴ፣ ምዕራቡ አረንጓዴ፣ ሐዲዱ ጭር ብሏል። መዳቡ ብቻ ይመላለሳል። ስምንቱም የብረት ባቡሮች በየጣቢያቸውና በየመጠበቂያቸው ናቸው፣ ግማሾቹ ሙሉ፣ ግማሾቹ ባዶ፤ ጣቢያ ላይ ባሉት ሁሉ መድረሻቸው እንደሞላ ተጽፎባቸዋል።

ቆርኪዎቹን እንደገና አወጣናቸው። በማራገፊያው በኩል ለብረት የተሰጠው ገደብ በድምሩ 4 ነው። በማዕድን ማውጫው ሁለት መጫኛዎች አሉ፣ ሁለት ሁለት፣ 4። ጠቅላላ 8 ቦታ። ባቡር አንድ ቦታ ይይዛል፤ ከተነሳበት ሲነሳ ያንን ለቆ የሚሄድበትን ይይዛል። በ7 ባቡር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ አንዱ ወደ ባዶው ይሄዳል፣ የለቀቀውን ሌላው ይይዛል፣ እንደዚያ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። በ8 ባቡር ባዶ ቦታ የለም። የጫነው የሚራገፍበት፣ ያራገፈው የሚጫንበት የለውም። የመገናኛው ሲግናል ይህን ሊያሳይ አይችልም፣ ምክንያቱም ማንም ወደ እሱ አልቀረበም። አንድ ዓይነት ጭነት የሚያመላልሱ ባቡሮች ቁጥር ከሁለቱ ጫፎች ገደብ ድምር ቢያንስ በአንድ ማነስ አለበት። ባቡር ከመጨመር በፊት ይህን ደምሮ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስምንተኛውን ማንሳት እንችል ነበር። እህቴ ግን አዲስ የብረት መጫኛ ከፍታ ገደቡን 1 አደረገችው። ድምሩ 9 ሆነ፣ ሕይወት ተመለሰ።

የቀረን የድንጋይ ከሰል መስመር ነው፣ እሱም የማቅለጫዎቹ እሳት የሚነድበት ነው። ርቀቱ ብዙ ስለሆነ ድርብ አልዘረጋንም፤ ነጠላ ሐዲድ፣ በመሃሉ አንድ ማለፊያ፣ ሁለት ባቡር። የከሰሉ ባቡሮች በሁለቱም ጫፍ ሎኮሞቲቭ አላቸው፣ ሳይዞሩ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ርዝመታቸው 41 ካሬ ነው።

እዚህ ከተማ ለምንኖር ነጠላና ድርብ የሩቅ ነገር አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ መስመር 1 ሜትር ስፋት ያለው ነጠላ ሐዲድ ነበር፣ ጣቢያውም ከተማችን መሃል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፣ ከአዳማ ወደ ጅቡቲ ግን ነጠላ። ድርቡ የሚያልቀው እኛ ዘንድ ነው። ከዚህ ወዲያ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ከመጡ መተላለፍ የሚችሉት ጎን ለጎን ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው፣ ያ ሐዲድም የሚጠብቀውን ባቡር ሙሉ በሙሉ መያዝ አለበት። እህቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ እነሱም 20 ካሬው ላይ ያስባሉ ማለት ነው» አለች።

የከሰሉን ማለፊያ የሠራችው ብቻዋን ነው፣ በአንድ ማታ። ሁለቱ ሐዲዶች እያንዳንዳቸው 44 ካሬ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ አቅጣጫ ብቻ። ከነጠላው ወደ ማለፊያው በሚገባበት ተራ ሲግናል፣ ከማለፊያው ወደ ነጠላው በሚወጣበት ቼይን፣ በሁለቱም ጫፍ ከጣቢያው ሲነሳም ቼይን። ባቡሩ ወደ ነጠላው የሚገባው በሌላው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ካለ ብቻ ነው። ሁለቱንም ባቡሮች በአንድ ጊዜ ከሁለት ጫፍ ለቀቀቻቸው። መጀመሪያ የደረሰው ባዶው ነበር፤ ማለፊያው ውስጥ ገብቶ ቆመ፣ ቼይኑ ቀይ። ሙሉው ከሰል በጎኑ ገባ፣ የኋለኛው ሎኮሞቲቭ ነጠላውን ሲለቅ የባዶው ሲግናል አረንጓዴ ሆነ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ወጡ። እሷም ተነስታ ሻይ ልትጥድ ሄደች።